የቀደመው ክርስትና ታሪክ በምን ይታወቃል?

ከሁሉ አስቀድመን፣ በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን ወንድሞችና እኅቶች ነፍስ ይማር እያልን፣ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ምክንያት የሆነንን ነገር አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ነባር እድርተኛችን አርፈው ለቀብር ተሰብስበን ነበር። ሟች በኦርቶዶክስ ሃይማኖት የኖሩ ሲሆኑ፣ ከልጆቻቸው ገሚሱ ወደ ወንጌላውያን የገቡ ናቸው። በየት በኩል ይቀበሩ በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን «ከሐዋርያት ጀምሮ ያለው የጥንቱ የእኛ ነው» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «የጥንቶቹማ እንደ እኛ በየቤቱ ተሰብስበው ነበር የሚጸልዩት፤ ጥንታዊውስ የእኛ ነው» ብሎ መለሰ። ሳጥኑ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፤ ደመናው ከብዷል፤ የተቆፈረው ጉድጓድ ውኃ እየያዘ ነው። በዚህ መካከል አንድ ሙስሊም ሽማግሌ አባላችን ከወንበራቸው ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ሬሳ አስቀምጦ ሙግት የለም። አባታችሁ የኖሩበትን ታውቃላችሁ፤ በኖሩበት እንቅበራቸው። ከዚያ በኋላ ብትፈልጉ እስከ ንጋት ተከራከሩ» አሉ። ነገሩም በዚሁ በረደ፤ ቀበርን።

ክርክሩ ግን አልሞተም። ከሠልስት በኋላም በየቡና ቤቱ ሲነሣ ሰነበተ። ኮሚቴው ይህን አይቶ «አንተ ስትጽፍ የኖርክ ሰው ነህ፤ የጥንቱ ነገር እንዴት እንደነበረ አጣርተህ ለመጽሔታችን ጻፍልን» ሲል አዘዘን። እኛ ትምህርታችን እስከ 6ኛ ክፍል ነው። መምህርም ካህንም አይደለንም። ከ30 ዓመት በላይ በመዝገብ ቤት ሠርተን በጡረታ የተገለልን ሰዎች ነን። ሆኖም በጎረቤታችን ያለ አንድ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚማር ልጅ መጻሕፍት እያመጣ፣ በውጭ ቋንቋ የተጻፈውንም እየተረጎመልን ወራት ስንመረምር ቆየን። ያገኘነውን እነሆ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚገርመው ነገር፣ የታሪክ ተመራማሪዎች አሠራር ከመዝገብ ቤት አሠራር ብዙም የራቀ ሆኖ አላገኘነውም። በመዝገብ ቤት አንድ ወረቀት ሲቀርብ እነዚህን እንጠይቃለን፤ ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ጸሐፊው ያየውን ነው ወይስ የሰማውን? ዋናው ነው ወይስ ግልባጭ? ሊቃውንቱም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የሚለያዩት የእነርሱ ፋይል ድንጋይ፣ ሳንቲምና ብራና በመሆኑ ነው።

እንግዲህ ከእኛው አገር እንጀምር። ብዙ ሰው «ክርስትና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጃንደረባው ነው» ይላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የህንደኬ ጃንደረባ በፊልጶስ እጅ እንደተጠመቀ ተጽፏል። ተመራማሪዎች ህንደኬ የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን፣ ዛሬ ሱዳን በሚባለው አገር በመርዌ የነበሩ ንግሥታት መጠሪያ መሆኑን ደርሰውበታል። በዚያን ዘመን ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ማለታቸው ነበር። ስለዚህ ጃንደረባው ከአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው አማኝ ተብሎ መከበሩ እንዳለ ሆኖ፣ በአክሱም ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደተተከለ ለማወቅ ግን ሌላ ማስረጃ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ያ ማስረጃ ሩፊኖስ የተባለ የላቲን ጸሐፊ በ402 ዓመት ገደማ ባዘጋጀው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ይዞ በባሕር ይሄድ ነበር። ሲመለሱ ስንቅና ውኃ ለመያዝ ወደብ ላይ ቢቆሙ፣ የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ኖሮ በመርከቡ ያለውን ሰው ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያጠኑ ተገኙና ስላሳዘኑ ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ንጉሡም ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስን ደግሞ የሒሳቡና የደብዳቤው ኃላፊ አደረገው። እኛ እዚህ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን አጥፈን ትንሽ ፈገግ አልን። የአገራችን የመጀመሪያው ጳጳስ፣ ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ የምንላቸው፣ ሥራ የጀመሩት በመዝገብ ቤት ነው እኮ!

ንጉሡ ሲሞት ልጁ ሕፃን ስለነበረ ንግሥቲቱ ሁለቱ ሰዎች አገሩን በማስተዳደር እንዲረዷት ለመነቻቸው። በዚህ ጊዜ ፍሬምናጦስ ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ በየቦታው የጸሎት ስፍራ እንዲያበጁ ይረዳቸው ጀመር። ልጁ አድጎ ሲነግሥ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቄስ ሆነ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ በ328 ዓመት ፓትርያርክ ለሆነው ለአትናቴዎስ «ለእነዚያ ምእመናን ጳጳስ ላክላቸው» አለው። አትናቴዎስም «ካንተ የተሻለ ከየት ይመጣል?» በሚል መንፈስ እርሱኑ ሾሞ ላከው።

አሁን የመዝገብ ቤቱን ጥያቄ እናንሣ። ሩፊኖስ አክሱምን አላየም። ታሪኩን ግን ከተራ ወሬ አልለቀመውም፤ ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ እንደሰማ ጽፏል። ይህ ጥሩ ምስክር ነው። ጉድለቱ ደግሞ አገሩን «ህንድ» ማለቱና የንጉሡን ስም አለመጥቀሱ ነው። በዚያን ዘመን ህንድ የሚለው ስም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ላለው አገር ሁሉ ይሰጥ ስለነበረ ስሕተቱ አይደንቅም። ቢሆንም አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃም። በፍርድ ቤትም ቢሆን ሁለተኛ ይፈለጋል።

ሁለተኛው ምስክር ደብዳቤ ነው። በ356 ወይም 357 ዓመት የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ጽፏል። ደብዳቤው ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ የተሾመ በመሆኑ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ዘንድ እንዲመረመር የሚጠይቅ ነው። ይህ ጊዮርጊስ ሰማዕቱ አይደለም፤ የአርዮስን ወገን የያዘ ሌላ ሰው ነው። ደብዳቤው እንዴት ቆየ ቢሉ፣ ራሱ አትናቴዎስ ለመከላከያ በጻፈው መልስ ውስጥ ገልብጦ አስቀምጦታል። በእኛ አነጋገር «አባሪ» አድርጎታል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ጠላት ሊያስወግደው የጻፈው ወረቀት ነው ዛሬ ለፍሬምናጦስ ዋና ማስረጃ የሆነለት። ሩፊኖስ ያላወቀው የገዢዎቹ ስም እዚህ አለ። በአትናቴዎስ መሾሙም ሳይፈለግ ተመስክሯል። ሃይማኖት በአክሱም ገና በእግሩ ሳይቆም «ትክክለኛው የማን ነው?» የሚለው ክርክር ባሕር ተሻግሮ እንደደረሰበትም እናያለን።

ሦስተኛው ምስክር ድንጋይ ነው። በ1906 ዓመት ኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን ቡድን አክሱም መጥቶ ብዙ ጽሑፎችን መዝግቧል። ኢዛና በቀደሙት ጽሑፎቹ ራሱን ማሕረም የሚባለው ጣዖት ልጅ ይላል። በኋለኛው የግዕዝ ጽሑፍ ግን የኖባን ሰዎች ድል ያደረገው በሰማይ ጌታ ኃይል መሆኑን ይናገራል። የማሕረም ስም ጠፍቷል። ከዚያም በ1970 ዓመት የታተመ አንድ የግሪክኛ ጽሑፍ ኢዛና በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን በግልጽ አወጣ። ሳንቲሙም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ነገር ይቀረጽ ነበር፤ በኋላ በዚያው በኢዛና ስም በወጣው ሳንቲም ላይ በቦታው መስቀል ገባ። በዓለም ላይ በገንዘባቸው መስቀል ካተሙ የመጀመሪያዎቹ መንግሥታት አንዱ አክሱም ነው።

«ታዲያ አብርሃና አጽብሃስ?» የሚል አይጠፋም። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ክርስትናን የተቀበሉት ሁለት ወንድማማች ነገሥታት አብርሃና አጽብሃ ናቸው ይላል። ድንጋዩና ደብዳቤው ኢዛናና ሳይዛና ይላሉ። አንዳንድ ሊቃውንት ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የመጠሪያ፣ አንዱ የንግሥና ስም ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አብርሃና አጽብሃ የሚሉት ስሞች ከ6ኛው መቶ ዓመት ሰዎች፣ ከንጉሥ ካሌብና በየመን ከገዛው ከአብርሃ ዘመን ተወስደው የተቀላቀሉ ናቸው ባዮች ናቸው። ነገሩ አልተዘጋም። በመዝገብ ቤት ቋንቋ ፋይሉ «በእንጥልጥል» ነው። የእኛው ሊቅ ዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1972 ዓመት ያሳተሙት የጥንትና የመካከለኛ ዘመን ታሪክ መጽሐፍ እንዲህ ያለውን የትውፊትና የድንጋይ ምስክር ጎን ለጎን እያስቀመጠ የሚመረምር ነው። የፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉት መጽሐፍም የወጣው በዚሁ ዓመት ነው።

በቅርቡ ደግሞ መሬቱ ራሱ መናገር ጀምሯል። ከየሐ አጠገብ ቤተ ሰማዕቲ በሚባል ቦታ ከ2011 እስከ 2016 ዓመት ቁፋሮ ተደርጎ የ4ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን መሠረት ተገኘ። ውጤቱ የታተመው በ2019 ነው። መስቀልና የግዕዝ ፊደል የተቀረጸበት ትንሽ የአንገት ድንጋይ ተገኝቷል፤ የበሬ ራስ የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበትም አብሮ ተገኝቷል። ነጋዴው፣ አሮጌው ልማድና አዲሱ እምነት በአንድ ቦታ አብረው ይኖሩ ነበር ማለት ነው። በዓድዋ አቅራቢያ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎችም ቀድሞ የ11ኛው ወይም የ12ኛው መቶ ዓመት ሥራ ይመስሉ ነበር። የብራናው ዕድሜ በኦክስፎርድ ሲመረመር ግን አንዱ ከ390 እስከ 570፣ ሌላው ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ። በዓለም ካሉት ጥንታዊ ባለሥዕል ወንጌሎች መካከል ናቸው።

ስለ መጽሐፈ ሄኖክም ጥቂት እንበል። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። የይሁዳ መልእክት ከእርሱ ይጠቅሳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 ዓመት ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ በ1821 በእንግሊዝኛ ተተረጎመ። ከ1947 ዓመት ወዲህ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ብራናዎች ሲገኙ፣ የሄኖክ ቁርጥራጭ በአራማይክ ቋንቋ ወጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ ነው። እዚያ ጠፍቶ የኖረውን የእኛ አባቶች እየገለበጡ አቆይተውት ነበር። ስለዚህ ዛሬ በዓለም ላይ የክርስትናን አጀማመር የሚመረምር ሰው ሁሉ ግዕዝን ሳይነካ አያልፍም።

አሁን ወደ እኛ ምድር እንምጣ። ሐውልት አክሱም ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው አለ። በጌዴኦ በጨልባ ቱቲቲ፣ በቱቱ ፈላ፣ በሳካሮ ሶዶ ቆመውም ወድቀውም የሚታዩትን ትክል ድንጋዮች ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ጀርባችንን ስናክባቸው ኖረናል። በ2023 ዓመት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ ሲመዘገብ እነዚህም አብረው ገብተዋል። በቱቱ ፈላ በተደረገው ቁፋሮ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር ተገኝቷል። በ2021 ዓመት የታተመ ጥናት ደግሞ የሳካሮ ሶዶዎቹ በ1ኛው መቶ ዓመት ገደማ የቆሙ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አስታውቋል። ጴጥሮስና ጳውሎስ በሕይወት በነበሩበት መቶ ዓመት ማለት ነው። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶችም የመቃብር ምልክቶች ናቸው። 33 ሜትር የሚሆነው ትልቁ ወድቆ ቀረ። ሊቃውንት እንደሚሉት ክርስትና ከገባ በኋላ እንዲህ ያለ ግዙፍ ሐውልት ማቆም ቆመ። እምነት መለወጡ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ሰው ሙታኑን የሚቀብርበት መንገድ ነው። እድርተኛ ለሆነ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወደ ድንኳኑ ክርክር እንመለስ። «የጥንቶቹ በየቤቱ ነበር የሚሰበሰቡት» ያለው ወገን አልተሳሳተም። በሶርያ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር ዱራ አውሮፖስ በምትባል ከተማ፣ ከ256 ዓመት በፊት ክርስቲያኖች ለጸሎት ያዘጋጁት መኖሪያ ቤት ከነማጥመቂያው ተቆፍሮ ተገኝቷል። «ከጥንት ጀምሮ ጳጳስና ሥርዓት ነበረን» ያለውም ወገን አልተሳሳተም፤ ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያለውን ከላይ ቆጥረናል። ሁለቱም የያዙት ከአንድ ትልቅ ፋይል የተቀደደ ገጽ ነው። ያ ፋይል ደግሞ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። የጢሮስ ልጆች፣ የእስክንድርያ ፓትርያርክ፣ የሮማ ነጋዴዎች፣ የአክሱም ንግሥት፣ በኋላም ከውጭ የመጡት ዘጠኙ ቅዱሳን ሁሉ ገብተውበታል።

እኛን ከሁሉ ያስደነቀን ግን ሌላ ነው። በሰሜን አፍሪካ በካርታጎ የነበረ ተርቱሊያኖስ የተባለ ጸሐፊ በ197 ዓመት ገደማ፣ ክርስቲያኖች ስብሰባ ላይ ምን እንደሚሠሩ ለገዢዎች ሲያስረዳ አንድ ሣጥን እንዳላቸው ይገልጻል። እያንዳንዱ በወር አንድ ቀን፣ ከፈለገና ከቻለ፣ ጥቂት ገንዘብ ይጥልበታል። ገንዘቡ ለግብዣና ለመጠጥ አይውልም። ድኾችን ለመመገብና ለመቅበር፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ከቤት ለማይወጡ ሽማግሌዎች፣ መርከብ ለተሰበረባቸው ሰዎች ይውላል። ይህን ስናነብ ተማሪውን ልጅ «እንደገና አንብበው!» አልነው። የወር መዋጮ፣ ሣጥን፣ ቀብር! ልዩነቱ የእነርሱ በውዴታ መሆኑ ነው፤ እኛ ላልከፈለ መቀጮ አለን። እድር የመጣው ከዚያ ነው ማለታችን አይደለም፤ እድር የራሳችን ነው። ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ በቆንስጣንዮስ ፋንታ የነገሠውና ክርስትናን ትቶ ወደ ጣዖት የተመለሰው ዩልያኖስ (361–363) ለአንድ የጣዖት ካህን የላከው ነው የሚባል ደብዳቤ አለ። ክርስቲያኖች የበዙት ለእንግዳ ባላቸው ቸርነትና ለሙታን መቃብር በሚያደርጉት ጥንቃቄ መሆኑን ጠቅሶ፣ የእርሱ ሰዎችም እንዲሁ እንዲያደርጉ ይመክራል። ደብዳቤው የእርሱ መሆኑን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ፤ ይህንንም ሳንደብቅ እንናገራለን። የተርቱሊያኖስ ግን ጥርጥር የለበትም። በዚያ ዘመን ሰው ጥንታዊነታቸውን አይቶ አልተከተላቸውም፤ አዲስ ነበሩና። ያየው ወገን የሌለውን ሬሳ ሲያነሡ ነው።

እንግዲህ እኛ የደረስንበት ይህ ነው። የቀደመው የማን እንደሆነ እየተሟገተ ሬሳ ዝናብ የሚያስመታ ሰው፣ የቀደሙት ይሠሩት የነበረውን ትቷል። ያን ቀን የቀደሙትን ሥራ የሠሩት ሙስሊሙ ሽማግሌያችን ናቸው።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ አለን። በወጣትነታችን በምንሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት «ቦታ አጣበበ» ተብሎ የቆየ ፋይል እንዲቃጠል ታዘዘ። በጆንያ ተሸክመን ያወጣነው እኛው ነን። ከዓመታት በኋላ አንዲት መበለት የባሏን የሥራ ዘመን ማስረጃ ፈልጋ ስትመጣ የምንሰጣት አልነበረንም። እስከ ዛሬ ይቆጨናል። የእድራችን የመጀመሪያው መዝገብም ዛሬ የለም። የተመሠረተው ከአብዮቱ በፊት ነው የሚል አለ፤ በኋላ ነው የሚልም አለ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ አንድ በአንድ እየተሸኙ ነው። ስለሆነም በየቤታችሁ፣ በሣጥን ሥር፣ በአሮጌ ቦርሳ ውስጥ የድሮ የመዋጮ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ወይም ፎቶግራፍ ያላችሁ አባላት እባካችሁ ለጸሐፊው አምጡልን። ገልብጠን ዋናውን እንመልሳለን። የተቀደደም፣ አይጥ የበላውም ቢሆን አትናቁት፤ ስለ ፍሬምናጦስ የምናውቀው በአንዲት ግልባጭ ደብዳቤ ጭምር ነውና።

እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውን በፍቅር ያቆየን።